አንዴ ብቻ ይጠየቃል

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወልዳ ልጠይቃት ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ ነበር። አሳንሰሩ ተበላሽቷል። አጥሚት የሞላ ፔርሙስ ታቅፌ ደረጃውን ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሽታ ያዘኝ፤ በቅቤ፣ በቀስታ፣ ሳይቀላ የሚለሰልስ ባሮ ሽንኩርት። ከየትኛው በር እንደሚመጣ አላወቅኩም። እግሬ ግን አልሄድ አለኝ፤ ፔርሙሴን ጭኔ ላይ አድርጌ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰውዬ "አር ዩ ኦኬ?" ብሎኝ አለፈ። ኦኬ አልነበርኩም። እትዬ አጸደ ትዝ ብለውኝ ነው።

እትዬ አጸደ የእናቴ አክስት ናቸው፤ የአያቴ ታናሽ እህት። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ያስተምሩ በነበሩ ፈረንሳዮች ቤት ወጥ ቤት ሠሩ። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ "ነይ ከእኛ ጋር" አሏቸውና ሄዱ፤ ቱር በምትባል ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩ። ማዳም የሚሏት አሠሪያቸው ስትሞት ልጆቿ ቤቱን ሸጡት፤ እትዬም አንድ ሻንጣ ይዘው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለው አፓርታማችን መጡ። በምን ወረቀት እንደመጡ እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም። ቤታችን ውስጥ ስለ ወረቀት የሚወራው በሹክሹክታ ነበር፤ እኔ ደግሞ የዐሥር ዓመት ልጅ ነኝ፤ የሚገባኝ ካርቱን ብቻ ነው።

ሻንጣው ሲከፈት የፈረንሳይ ቸኮሌት ጠብቄ ነበር። የወጣው ግን አራት ነጭ የጨርቅ ናፕኪንና አራት የእንጨት ቀለበት ሆነ። እያንዳንዳችን የየራሳችን ቀለበት አለን፤ በልተን ስንጨርስ ናፕኪናችንን ጠቅልለን በቀለበቱ እናስገባለን፤ ሳምንቱን ሙሉ የኛ ነው፤ ቅዳሜ ይታጠባል። አባቴ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ቁጭ ብሎ ከፕላስቲክ ዕቃ ነው የሚበላው። "እትዬ፣ እኔ የኔን ታክሲ ውስጥ ልስቀለው?" አለ እየሳቀ። እትዬ አልሳቁም።

በኛ ቤት ምግብ ማለት ምድጃ ላይ ያለ ድስት ነበር። የመጣ ጨልፎ ይበላል። እናቴ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ትሠራለች፤ ኦቨርታይም ካለ እራት ሰዓት ላይ የለችም፤ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ሶፋ ላይ እበላለሁ። እትዬ አጸደ ይሄንን አንድ ሳምንት ዝም ብለው አዩ። በሁለተኛው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ የኖረውን ደብዳቤና ኩፖን አንስተው አንሶላ አነጠፉበት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራታችንም ቁጭ አልን። መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ዋናው ምግብ፣ ከዚያ ሰላጣ፣ ከዚያ አይብ፣ በመጨረሻ ፍራፍሬ፤ ሁሉም በየተራው፤ አንዱ ሳይነሳ ሌላው አይመጣም። አባቴ ሾርባውን ጨርሶ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ሊነሳ ሲል እትዬ በዓይናቸው መልሰው አስቀመጡት።

ሕጋቸው ብዙ ነበር። ዳቦ ሳህን ላይ አይቀመጥም፤ ከሳህኑ አጠገብ ጨርቁ ላይ ነው። ሰላጣ በቢላ አይቆረጥም፤ በሹካ ይታጠፋል። እጅ ጠረጴዛ ላይ ይታያል። "አውጪው ሶስዬ፣ ከሥር ያለ እጅ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል?" ይሉኛል። አባቴ አንድ ቀን ለሳቸው ብሎ ከሩቅ ገዝቶ ያመጣው የፍየል አይብ እንዳይሰበር በመሃሉ ጭድ ተሰክቶበት ነበር። እኔ ጭዱን አፌ ውስጥ ከትቼ መጠጣት ጀመርኩ፤ ስትሮ መስሎኛል። የዚያን ዕለት ብቻ ሲስቁ አየኋቸው፤ ናፕኪናቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ዐሥር ሰዓት ላይ ዳቦ ሰንጥቀው ቸኮሌት በመሃሉ ያስገቡልኛል፤ እሱን እየበላሁ ስለ ቱር ያወሩልኛል። እኩለ ቀን ሲሆን ሱቁ ሁሉ መዝጊያውን ያወርዳል አሉ፤ ጫማ ሰፊው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ባንኩ ሳይቀር። እስከ ስምንት ሰዓት መንገድ ላይ ሰው የለም። ሁሉም ቤቱ ገብቶ ምሳ ላይ ነው። እናቴ ስለ ሰዓት እላፊ ስታወራ ሰምቼ ስለነበር ወታደር የሚጠብቀው ነገር መሰለኝ። ሰው ምሳውን ካልጨረሰ ወታደሩ በር ያንኳኳል ብዬ አመንኩ፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ደፋር ሕዝብ ናቸው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየበሉ ይቋቋሙታል ብዬ አደነቅኳቸው።

ከሕጎቻቸው ሁሉ ግን እኔን የማረከኝ አንዱ ነው፤ አንዴ ብቻ ይጠየቃል። "ልጨምርልሽ?" ይላሉ። "አይ፣ በቃኝ" ካልኩ ጭልፋው ይመለሳል። አለቀ። ጉርሻ የለም፣ "ይቺን ብቻ" የለም፣ "በሞቴ" የለም።

እንዴት ያለ እፎይታ ነበር! እናቴ እንግዳ ሲመጣ "በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ እኔን ይድፋኝ" እያለች ስታበላ እኔ ከልቤ እሸበር ነበር። እንግዳው እንቢ ካለ እናቴ የምትሞት ይመስለኛል። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ሦስቴ እንቢ ብለው ተነሥተው ሄዱ፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ውዬ እስክመለስ እናቴ በሕይወት መኖሯን እርግጠኛ አልነበርኩም። ይሄንን ለእትዬ አጸደ ስነግራቸው አልሳቁብኝም። "በሞት አይቀለድም" አሉኝ። "እኔ ባለሁበት ቤት ማንም በሞቱ አይምልም።" ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የሳቸው ሆንኩ፤ ሌላ ምን ልበላችሁ።

ለምን በዚህ ነገር እንደከረሩም ነገሩኝ። ቱር በገቡ በመጀመሪያው ክረምት ነው አሉ፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ማዳም ከቤተሰቡ ጋር እኩል ገበታ ላይ አስቀመጠቻቸው። ድስቱ ዞሮ እሳቸው ጋ ሲደርስ "ትወስጃለሽ?" አለቻቸው። በደንብ ያደገች ልጅ እንዴት በአንድ ጥያቄ እሺ ትላለች? "አይ፣ ይቅርብኝ" አሉና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቁ። ሁለተኛ ጥያቄ የለም። ድስቱ አለፈ። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ቀን።

"ታዲያ የሚያበስሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አልኳቸው።

"ያበሰልኩት እኔ፣ የራበኝ እኔ!" አሉ። "ሳይሉኝ ከድስት ብጨልፍ ሌብነት ነው ብዬ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁራሽ ዳቦና ውኃ። ቀሚሴ ከወገቤ ይወርድ ጀመር። አንድ ቀን ዳቦ ግዢ ተብዬ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ጫፏን ቀመስኩ፤ እዚያ አገር የዳቦዋን ጫፍ መንገድ ላይ መቅመስ ነውር የለውም። ከዚያ እጄ አልቆም አለኝ። ቤት ስደርስ ዳቦው የለም፤ ወረቀቱ ብቻ።" ማዳም ነገሩ ሲገባት ቁጭ ብላ አለቀሰች አሉ። "ለምን አልነገርሽንም? እኛ እኮ እንቢ ካልሽ እንቢ ነው ብለን ነው!" ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ አጸደ አፋቸውና ሆዳቸው አንድ እንዲሆኑ ለራሳቸው ማሉ።

እኔ ይሄንን ታሪክ እንደ ጀብዱ ነው የሰማሁት። ታሪኩ ስለ ረኃብ መሆኑ አልገባኝም፤ ስለ ሕግ መሰለኝ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ መጡ። እናቴ ዶሮ ሠርታለች፤ እትዬ ደግሞ የባሮ ሽንኩርት ሾርባቸውን። ቀድሞ ሾርባው፣ ቀጥሎ ዶሮው እንዲቀርብ ተስማሙ። አባቴ ሥራ ላይ ነው። ጸሎቱ አልቆ አባ እንደተቀመጡ የእናቴ ሱፐርቫይዘር ኮል አደረገቻት፤ ሁለት ሰው ቀርቷል፣ ካልመጣሽ አለቀልን አይነት ነገር። እናቴ ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ገባች።

እትዬ አጸደ ሾርባውን አቀረቡ። አባ እንደ ደንቡ "ኧረ እኔ እቤቴ ቀምሼ ነው የመጣሁት፣ ይቅርብኝ" አሉ።

"እሺ አባ" አሉ እትዬ። ሳህኑ ተነሣ።

አባ ዓይናቸው ተከተለው። ቀጥሎ ዶሮው መጣ፤ ከነእንቁላሉ፣ እየጨሰ። "ላውጣልዎ አባ?" "ኧረ አትቸገሩ፣ ምን አደከማችሁ…" "እሺ አባ።" ዶሮው ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ። አባ ሰላጣውን ዝም ብለው ተቀበሉ፤ ነገሩ ገብቷቸዋል። አይቡ ሲመጣ እንኳንስ እንቢ ሊሉ፣ ጥያቄውም እስኪያልቅ አልጠበቁም። ጭዱን መዝዘው ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡና አይቡን ብቻቸውን ጨረሱት።

እናቴ ከስልኩ ተመልሳ "በሉ አባ?" ስትል "ተመስገን ልጄ" አሉ፤ ባርከውን ሄዱ። ከዚያ ድስቱን ከፈተችው። አንድም ሥጋ አልጎደለም።

"ጉድ ሠሩኝ እትዬ! የንስሐ አባቴን አስርበው ሰደዱብኝ!"

"ጠየቅኳቸው፤ እንቢ አሉ። ካህን ይዋሻል?"

እኔ በመሃል ገብቼ "ሺ ዲድ አስክ ሂም፣ ማሚ!" አልኳት። እናቴ እንዴት እንዳየችኝ አልነግራችሁም። አባቴ የዚያን ዕለት ከሥራ ሳይወርድ ዶሮውን ከነድስቱ በታክሲ አባ ቤት አደረሰ። እትዬ አጸደ ግን እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው "የሰው ቃል የምታከብር አንቺ ብቻ ነሽ" አሉኝ። የኋላውን ሁሉ ያበላሸችው ያቺ ምስጋና ናት።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል እትዬ አጸደ ታመሙ። ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ ከጨጓራቸው ግማሹ ወጣ። ከሆስፒታል ሲወጡ ዶክተሩ ለእናቴ የነገራትን እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት አለባቸው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አፖይንትመንት አላቸው፤ ያኔ ከዘጠና ፓውንድ፣ ከአርባ አንድ ኪሎ ገደማ፣ በታች ከሆኑ ቤት ውስጥ መኖር አይችሉም፤ የሚከታተላቸው ሰው ያለበት ነርሲንግ ሆም ይገባሉ። እናቴ ነርሲንግ ሆም ሠርታ ታውቃለች። "እዚያ እንዳላስገባቸው" ብላ አለቀሰች። እትዬም ሰምተዋል መሰለኝ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ቆይተው እጄን ያዙና "ሶስዬ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ኖሬያለሁ" አሉኝ። "ከዚህ ቤት አታስወጡኝ።"

እናቴ ሥራ መቅረት አትችልም። አባቴም እንደዚያው። ስለዚህ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። "አደራ" አለችኝ እናቴ፣ ጫማዋን እያሰረች። "በየሁለት ሰዓቱ። እንቢ ቢሉሽ እንዳትሰሚ፣ እሺ?" እሺ አልኩ። በልቤ ግን እናቴን ታዘብኳት። የተማርኩትን ሕግ እንዳፈርስ ነው የምትጠይቀኝ።

ከሶፋው ላይ ሆነው እየመሩኝ ሾርባውን ተማርኩ። ባሮ ሽንኩርቱን ሰንጥቄ አፈሩን አጥባለሁ፤ ነጩን በቅቤ አለሰልሳለሁ፤ "እንዳይቀላ! እሳቱን ቀንሺ!" ይሉኛል፤ ድንች እጨምራለሁ። ከዚያ ጠረጴዛውን አነጥፋለሁ፤ ዳቦው ጨርቁ ላይ፣ ናፕኪናቸው ከነቀለበቱ፣ የውኃ ማሰሮው በመሃል። ደግፌ አምጥቼ አስቀምጣቸዋለሁ። ሁለት ማንኪያ፣ ሦስት ማንኪያ ይወስዳሉ።

"ልጨምርልዎ እትዬ?"

"በቃኝ የኔ ልጅ።"

አነሳዋለሁ። ቶሎ ነው የማነሳው፤ ማመንታት ራሱ መጎትጎት ነው ብዬ። ዓይናቸው ሳህኑን ተከትሎ ወጥ ቤት ድረስ እንደሚመጣ አይቻለሁ። ሳህኑን በደንብ መያዜን የሚቆጣጠሩ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ ይበልጥ ተጠንቅቄ፣ ቀጥ ብዬ፣ ሳላንጠባጥብ እሄድላቸዋለሁ። አንድ ሰኞ አልጋቸውን ሳነጥፍ ትራሳቸው ሥር ቁራሽ ዳቦ አገኘሁ። ለወፎች ያስቀመጡት ነው ብዬ በረንዳው ላይ ፈረፈርኩት። የወሰድኩባቸውን ሲያጡ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ አልጠየቁኝም።

ማታ ማታ እናቴ ደክሟት ትገባለች። "በሉ?"

"በሉ። በቃኝ ብለዋል።"

ውሸት አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንት ቤት ሚዛን ላይ እናቆማቸዋለን፤ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና አራት፣ ዘጠና ሁለት። እናቴ ቁጥሩን ስታይ ወደ እኔ ዞር ትላለች። "ምን ላድርግ፣ አይጨምሩም" እላለሁ። እውነቴን ነው፤ ሾርባዬ አልጣፈጠ ይሆን እያልኩ ብቻዬን ስቅቅ እል ነበር። ቅቤ ጨመርኩ፤ ጨው ቀነስኩ፤ ዳቦውን አሞቅኩ። ሁሉንም ሞከርኩ፤ ሁለተኛ መጠየቅን ብቻ አልሞከርኩም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ማክሰኞ ሆቴሉ ሥራ ቀዝቅዞ እናቴን በጊዜ ለቀቋት። በሩን ከፍታ ስትገባ ሳህኑን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ ደረሰች። ሳህኑን አየችው። እትዬን አየቻቸው። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች፤ ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ አጠገባቸው ተንበረከከች።

"በሞቴ እትዬ፣ ይቺን ብቻ።"

"ኧረ በቃኝ፣ ልጅቷን ጠይቂያት…"

"አፈር ስሆን! እኔን ይድፋኝ! ይቺን ለኔ ብለው!"

እትዬ አጸደ አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ማንኪያ። ሌላ። እናቴ እየማለች፣ እየለመነች፣ እየተቆጣች፤ እሳቸው እንቢ እያሉ፣ እየዋጡ። ሳህኑ ባዶ ሆነ። ሁለተኛ ሳህን መጣ። እኔ መሃል ቤት ቆሜ እየጮህኩ ነበር፤ "ሺ ሴድ ኖ! ማሚ፣ ስቶፕ! ሺ ሴድ ኖ!" እናቴ አልሰማችኝም። እትዬ ግን ሰሙኝ። ዳቦውን ሳህኑ ላይ እያዞሩ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ "ርቦኝ ነበር" አሉ። በጣም በቀስታ ነው ያሉት።

"ታዲያ ለምን አላሉኝም?" አልኩ።

"አፈርኩ የኔ ልጅ። በቃኝ ካልኩ በኋላ መልሼ አምጪ ማለት እንዴት ይሆናል? ጤነኛ ሳለሁ እችል ነበር። ስታመም እናቴ ያሳደገችኝ ልጅ ሆኜ ቁጭ አልኩ።"

እናቴ ልትቆጣኝ ዞረች፤ እትዬ እጇን ያዟት። "እሷን እንዳትናገሪያት። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።" እናቴ አልተናገረችኝም። ብትመታኝ ይሻል ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ሚዛኑ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ትምህርት የተዘጋበትን ጊዜ፣ ሰመሩን ሙሉ ከፊታቸው ያነሳሁትን ሳህን ሁሉ አሰብኩት። ከራበው ሰው ፊት ሳህን ሳነሳ፣ ያውም በኩራት።

የቀሩትን ዐሥር ቀናት እናቴም አባቴም እየተቀያየሩ ከሥራ ቀሩ፤ ለመኑ፣ አጎረሱ። ግን ዘጠና አልሞላም። በአፖይንትመንቱ ቀን ሰማንያ ስምንት ፓውንድ ሆኑ። የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር አልጋ የተገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው አለች። እትዬ አጸደ ያንኑ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። አሳንሰሩ ውስጥ አባቴ ሻንጣውን ይዞ፣ እናቴ ክንዳቸውን ይዛ፣ እኔ የምይዘው ነገር አጥቼ ወረድን።

እዚያ ምግብ በትሪ ይመጣል። የምታመጣው ሴትዮ ደግ ናት፤ ግን ሃያ ክፍል አለባት። ትሪውን አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ተመልሳ "አር ዩ ፊኒሽድ፣ ማማ?" ትላቸዋለች፤ እትዬም በትሕትና "ሜርሲ" ይላሉ፤ ትሪው ይነሣል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትጠይቃቸው። ይሄንን በመጀመሪያው ሳምንት ካየን በኋላ ብቻቸውን እንዳይበሉ ተማማልን። አባቴ ታክሲውን በር ላይ አቁሞ ምሳ ያበላቸዋል፤ የፓርኪንግ ቅጣት በየሳምንቱ ነው። እናቴ ከሥራ በሜትሮ መጥታ እራት ታበላቸዋለች። እሑድ የኔ ነው። ሾርባውን እኔ ሠርቼ በፔርሙስ እወስዳለሁ። መለመን ግን አልቻልኩም። እናቴ ስትለምን አጠገቧ ቆሜ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ አይወጣም። ጥቂት ሳምንት ትንሽ ወዛቸው መለስ ብሎ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ግን ሁሉም ነገር ጉሮሯቸው ላይ መቆም ጀመረ።

አንድ እሑድ አባቴ ፓርኪንግ ሲፈልግ፣ እናቴ ኮሪደር ላይ ከነርሷ ጋር ስታወራ እኔ ብቻዬን ገባሁ። እትዬ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አንሶ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ሾርባውን ቀዳሁ። ናፕኪናቸውን ደረታቸው ላይ ዘረጋሁ። ማንኪያውን አቀረብኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በሞቴ" አልኳቸው።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩት ቃል ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የምር ነው ብዬ አምን ነበር። እንቢ ካሉኝ እኔ እሞታለሁ። ይሄንን ማመኔን ከሳቸው በቀር ማንም አያውቅም። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ አጎረስኳቸው፤ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

"ጎበዝ!" አልኩ፣ ልክ እንደ እናቴ። ለእሷ ልነግራት ሮጬ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ማንኪያው እጄ ላይ መቅረቱን አይቼ ላስቀምጠው ተመለስኩ። እትዬ አጸደ ጎንበስ ብለው ሾርባውን ናፕኪኑ ላይ እየመለሱት ነበር። ናፕኪኑን አራት አጠፉት። ቀና ሲሉ በሩ ላይ አዩኝ።

"ነይ" አሉኝ። ድምፃቸው አይሰማም፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ። "አትፍሪ። አፌ ገብቷል፤ መሐላሽ ደርሷል። አንቺ ምንም አትሆኚም።"

"ግን አልዋጡትም።"

"አልሄድ አለኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውኃም አልሄድ ብሎኛል።"

"ትንሽ ቆይተን እንሞክር? ላሙቀው?"

"ሶስዬ" አሉኝ። "ያኔ በሐምሌ በቃኝ ስልሽ ዋሽቼሻለሁ። አሁን አልዋሸሁሽም። በቃኝ።"

ማንኪያውን እንደያዝኩ ወጣሁ። እናቴ ከነርሷ ጋር ጨርሳ ወደ በሩ እየመጣች ነው።

"በሉ?"

"አልበሉም።"

ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ልትገባ ስትል እጅጌዋን ያዝኳት። "ማሚ፣ ተያቸው። እውነት በቅቷቸዋል።"

እናቴ ቆማ አየችኝ። ምን እንደምታስብ አውቅ ነበር። ሰመሩን ሙሉ ማታ ማታ በዚሁ አፌ ይሄንኑ ብያታለሁ፤ ሰመሩን ሙሉ ተሳስቼ ነበር። እትዬ እዚህ አልጋ ላይ የተኙት በኔ ስህተት ነው። አሁን ደግሞ ያንኑ ቃል ይዤ ቆሜያለሁ፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም። "በምን አወቅሽ?" እስክትለኝ ጠበቅኳት።

አላለችኝም። ማንኪያውን መልሳ እጄ ላይ አደረገችው፤ ጃኬቷን አወለቀች፤ ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ጉርሻ እንኳ አልለመነቻቸውም። እጃቸውን ያዘች፤ እኔም በሌላው በኩል ተቀመጥኩ፤ አባቴም መጥቶ ቆመ። እትዬ አጸደ ሐሙስ ዕለት ዐረፉ።

እናቴ ያን ቀን ባታምነኝ ኖሮ እንዴት ያለች ሰው ሆኜ አድግ እንደነበር አላውቅም።